ሮዙ ድንጋይ ምንድን ነው? እንዴትስ ተፈጠረ?

የዚህ እትም የሳይንስ ገጻችን ስለ አንድ ድንጋይ ያወራል። ድንጋይ ስንል በየመንገዱ የሚረገጠውን ሳይሆን ሰው በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ የሚይዘውን ማለታችን ነው።

ነገሩን ያመጣው ተማሪ ነው። ለሕክምና ፈቃድ አግኝቶ ከካኩማ ናይሮቢ የመጣ አንድ የፎርም ሦስት ተማሪያችን እኛ ዘንድ ብቅ አለና በሶፍት የተጠቀለለች፣ ባቄላ የምታክል ሮዝ ድንጋይ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ቲቸር፣ ይቺ ስንት ታወጣለች?» አለን። ኢስሊ ውስጥ የተዋወቀው ሰው «የኡምባ ጋርኔት ናት፣ ማንጋኒዝ ያለባት፣ በጣም ብርቅ ናት» ብሎ በ6 ሺህ ሽልንግ ሊሸጥለት ተስማምተዋል። እህቱ ለመጽሐፍና ለዩኒፎርም ከላከችለት ገንዘብ ላይ 3 ሺውን ከፍሏል። ለቀሪው ደግሞ ስልኩን መያዣ ትቷል። የቀሪው መክፈያ ቀን ቅዳሜ ነው፤ እሱ እኛ ዘንድ የመጣው ሐሙስ ነበር።

እኛ የከበረ ድንጋይ ነጋዴዎች አይደለንም። ስንት እንደምታወጣ ልንነግረው አንችልም። ነገር ግን ምን እንደሆነች፣ ወይም ቢያንስ ምን እንዳልሆነች፣ በክር፣ በማስመሪያና በአንድ ብርጭቆ ውሃ ማወቅ ይቻላል። ለዚህ ግን መጀመሪያ እውነተኛው የኡምባ ጋርኔት ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። እንግዲህ ከዚያ እንጀምር።

አንድ ኤለመንት፣ ሦስት ቀለም

ማንጋኒዝ ብረት መሰል ሜታል ነው። አቶሚክ ቁጥሩ 25 ነው። ብዙ ተማሪዎች ከማግኒዥየም ጋር ያምታቱታል። ማግኒዥየም አቶሚክ ቁጥሩ 12 የሆነ ሌላ ኤለመንት ነው። ዛሬ ሁለቱም ስለሚነሱ ስማቸውን ልብ ብላችሁ አንብቡ።

«ማንጋኒዝ አይቼ አላውቅም» የሚል ተማሪ ካለ ተሳስቷል። የራዲዮ ድንጋይ ሲያልቅበት ልጆች ሰብረው የሚጫወቱበት ጥቁር ዱቄት እኮ ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ከካርቦን ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ ነው። (እንዲሰበር አንመክርም፤ ውስጡ ያለው እርጥብ ነገር እጅና ዓይን ይጎዳል።) የኬሚስትሪ መምህራን ደግሞ ፖታሲየም ፐርማንጋኔትን ታውቁታላችሁ። አንድ ቅንጣት ውሃ ውስጥ ጠብ ሲል ብርጭቆው በሙሉ ወይን ጠጅ ይሆናል። እሱም ማንጋኒዝ ነው። ሦስተኛው ቀለም ሮዝ ነው፤ ይሄኛው የሚገኘው በአንዳንድ ድንጋዮች ውስጥ ነው።

ታዲያ አንድ ኤለመንት እንዴት ጥቁርም፣ ወይን ጠጅም፣ ሮዝም ይሆናል? ምስጢሩ ያለው በኦክሲዴሽን ቁጥሩ ላይ ነው። ፐርማንጋኔት ውስጥ ማንጋኒዝ +7 ነው። የባትሪው ጥቁር ዱቄት ውስጥ +4 ነው። ሮዙ ድንጋይ ውስጥ ደግሞ +2 ነው፤ ማለትም ሁለት ኤሌክትሮን ብቻ ሰጥቷል። +2 የሆነ ማንጋኒዝ በላዩ ከሚያልፈው ብርሃን የሚውጠው በጣም ጥቂቱን ነው። ስለዚህ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ነው፦ ሮዝ፣ ወይም ወደ ብርቱካን የሚያደላ።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር እንያዝ። አየር በሚያገኘው ቦታ ማንጋኒዝ እየቆየ ወደ ጥቁሩ ዓይነት የመለወጥ ጠባይ አለው። በአገራችን በሰሜን አፋር ዝቅተኛ ቦታ የታወቀ የማንጋኒዝ ክምችት አለ። ከምድር ውስጥ የፈለቀ ትኩስ ውሃ ይዞት የመጣ ነው ተብሎ ይታመናል። እሱ ግን ጥቁር ኦክሳይድ እንጂ ሮዝ ሲሊኬት አይደለም። ሮዙን ለማግኘት ማንጋኒዙ ከሲሊከን ጋር ተጣምሮ፣ ኦክስጅን እንደልቡ ከማይገኝበት ጥልቀት ውስጥ መቆለፍ አለበት። እንዴት እንደሚቆለፍ ከዚህ ቀጥለን እናያለን።

ሦስት ጉልቻና አራተኛው

ሲሊኬት የሚለው ቃል አያስፈራችሁ። ሦስት ጉልቻ አስቡ። ሦስቱ ጉልቻዎች ተጠጋግተው ተቀምጠው ከላያቸው መሃል ላይ አራተኛ ድንጋይ ብትጨምሩ ባለ አራት ጫፍ ቁልል ይሆናል። አራቱ ድንጋዮች ኦክስጅን ናቸው። መሃላቸው ላይ በሚቀረው ትንሽ ክፍተት ውስጥ የምትቀመጠው ሲሊከን ናት። ሲሊኬት የሚባሉት ማዕድናት በሙሉ ከዚህ ቁልል የተሠሩ ናቸው። ልዩነታቸው ቁልሎቹ እርስ በርስ በሚያያዙበት መንገድ ነው።

ጋርኔት በሚባለው ማዕድን ውስጥ ቁልሎቹ እርስ በርስ አይነካኩም። እያንዳንዱ ለብቻው ሆኖ በመካከላቸው የሚገቡት የሜታል አቶሞች ያስተሳስሯቸዋል። የማታቱ ወንበር ብላችሁ አስቡት። ለእያንዳንዱ ሦስት ቁልል ሁለት ዓይነት ወንበር አለ። ሁለቱ ወንበሮች ብዙውን ጊዜ የአሉሚኒየም ናቸው። ሌሎቹ ሦስት ወንበሮች ግን +2 የሆነና መጠኑ የሚመጥን ተሳፋሪ ሁሉ ሊቀመጥባቸው ይችላል፦ ማግኒዥየም፣ ማንጋኒዝ፣ ብረት ወይም ካልሲየም።

ሦስቱን ወንበር ማግኒዥየም ብቻ ቢይዘው ፓይሮፕ ይባላል፤ ፍጹም ንጹሕ ከሆነ ቀለም የለውም ማለት ይቻላል። ብረት ብቻ ቢይዘው አልማንዲን ይባላል፤ ጠቆር ያለ ቀይ ነው። ማንጋኒዝ ብቻ ቢይዘው ስፔሳርታይን ይባላል፤ ብርቱካናማ ነው። ተፈጥሮ ግን ወንበሩን ለአንድ ዓይነት ተሳፋሪ ብቻ አትሰጥም፤ ሁልጊዜ ቅይጥ ነው።

የኡምባው ድንጋይ በዋናነት የፓይሮፕና የስፔሳርታይን ቅይጥ ነው። ማለትም ማግኒዥየምና ማንጋኒዝ ወንበሩን ተጋርተውታል፤ ጥቂት ብረትና ካልሲየምም አለበት። ማንጋኒዙ ከነጩ ብርሃን ላይ ሰማያዊውንና ወይን ጠጁን ቀንሶ ብርቱካናማ ያደርገዋል። ጥቂቱ ብረት ደግሞ ወደ ቀይ ይጎትተዋል። ሁለቱ ሲደማመሩ የበሰለ ኮክ ፍሬ የሚመስል፣ ሮዝና ብርቱካን የተቀላቀለበት ቀለም ይወጣል።

እዚህ ላይ ነው ብርቅ የሚያደርገው ነገር። በምድር ቅርፊት ውስጥ ብረት ከክብደቱ 5 በመቶ ገደማ ነው። ማንጋኒዝ ግን ከሺህ አንድ እጅ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በአብዛኛው ቦታ ጋርኔት ሲፈጠር ወንበሩን የሚሞላው ብረት ነው፤ ድንጋዩም ጠቆር ያለ ቀይ ይሆናል። ፈዛዛው ሮዝ እንዲገኝ ማግኒዥየምና ማንጋኒዝ በብዛት፣ ብረት ግን በጥቂቱ አንድ ቦታ መገናኘት አለባቸው። ይሄ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

ሌላኛው ሮዝ፦ ሮዶናይት

ሮዝ የማንጋኒዝ ሲሊኬት ሲባል በመጽሐፍ ላይ ቀድማችሁ የምታገኙት ሮዶናይት የሚባለውን ነው። ስሙ «ጽጌረዳ» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። በቀላሉ ሲጻፍ ለአንድ ማንጋኒዝ አንድ ሲሊከንና ሦስት ኦክስጅን ነው፤ በተፈጥሮ ግን ካልሲየምም አይጠፋበትም። በሩሲያ የኡራል ተራሮች በብዛት ተገኝቶ ለቤተ መንግሥትና ለቤተ ክርስቲያን ጌጥ ሆኗል። በ1938 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የሞስኮ ምድር ባቡር የማያኮቭስካያ ጣቢያ ዓምዶችም በእሱ አጊጠዋል። ከኢትዮጵያ ሄደው እዚያ የተማሩ ብዙ ሰዎች ምን እንደሆነ ሳያውቁት በአጠገቡ አልፈው ይሆናል።

ሮዶናይትና የኡምባው ጋርኔት ሁለቱም ሮዝ፣ ሁለቱም ሲሊኬት፣ ሁለቱም ማንጋኒዝ ያለባቸው ናቸው። ጠባያቸው ግን ይለያያል። ሮዶናይት ውስጥ ቁልሎቹ ጫፍ ለጫፍ ተያይዘው እንደ ሰንሰለት ተዘርግተዋል። በዚህ ምክንያት ሲመታ በሰንሰለቱ አቅጣጫ እየተሰነጠቀ ይከፈላል። ጋርኔት ግን ሰንሰለት ስለሌለው የተወሰነ የመሰንጠቂያ አቅጣጫ የለውም፤ እንደ ጠርሙስ ነው የሚሰበረው። ሮዶናይት አብዛኛውን ጊዜ ብርሃን አያሳልፍም፤ የኡምባው ግን ጥርት ያለ ነው።

ሮዶናይት ላይ ብዙ ጊዜ ጥቁር ሥር መሰል መስመሮች ይታያሉ። ከላይ ያልነውን አስታውሱ። በስንጥቁ በኩል አየርና ውሃ የገባበት ማንጋኒዝ ከ+2 እየወጣ ጥቁር ኦክሳይድ ሆኗል ማለት ነው። የባትሪው ጥቁርና የድንጋዩ ሮዝ አንድ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ይታያሉ። ኦክሲዴሽንን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናውቅም።

እንዴት ተፈጠረ?

አሁን ወደ ቦታው እንሂድ። የኡምባ ወንዝ ታንዛኒያ ውስጥ ከኡሳምባራ ተራሮች ይነሳና በኬንያ ድንበር አካባቢ አልፎ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይወርዳል። ሸለቆው በልዩ ልዩ ቀለም ሳፋየርና ጋርኔት የታወቀ ነው።

ናይሮቢ ላይ ብትቆፍሩ ይህን ድንጋይ አታገኙትም። ናይሮቢ የተቀመጠችው ከስምጥ ሸለቆው እሳተ ገሞራ በወጣ ድንጋይ ላይ ነው። እሱ ደግሞ በምድር ዕድሜ ሲታይ ልጅ ነው። የኡምባው ድንጋይ ግን ሽማግሌ ነው። የሚገኘው «የሞዛምቢክ ቀበቶ» በሚባለው በጣም ያረጀ የድንጋይ ሰንሰለት ውስጥ ነው። ይህን ቀበቶ እንደ አንድ ነገር አይቶ ስሙን የሰጠው እንግሊዛዊው ጂኦሎጂስት አርተር ሆልምስ ነው፤ ዘመኑም 1951 እ.ኤ.አ. ነበር።

ታሪኩ ሲያጥር እንዲህ ነው። በመጀመሪያ በጥንት ባሕር ወለል ላይ ሸክላና አሸዋ እየተደራረበ ተጠራቀመ። በአንዳንድ ንብርብር ውስጥ ማንጋኒዝ በብዛት ነበረበት። ከዚያ ከ650 እስከ 550 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ ታላላቅ የምድር ክፍሎች እየተገፉ መጥተው ተጋጩ። ጎንድዋና የሚባለው ታላቅ አህጉር የተሰፋው በዚያን ጊዜ ነው። በግጭቱ ምክንያት ረጅም ተራራ ወደ ላይ ተነሳ፤ ከሥሩ ያለው ጭቃና አሸዋ ደግሞ ብዙ ኪሎ ሜትር ወደ ታች ተቀበረ።

እዚያ ጥልቀት ውስጥ ሙቀቱ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው፤ ግፊቱም ከባድ ነው። ልብ በሉ፣ ድንጋዩ በአብዛኛው አልቀለጠም። ጠጣር እንደሆነ ነው የተለወጠው፤ አቶሞቹ ከአንድ ማዕድን እየለቀቁ ወደ ሌላ ማዕድን ተሰባሰቡ። የድሮው ሸክላ ጠፍቶ አዳዲስ ማዕድናት በቀሉ፤ አንዱ ጋርኔት ነው። ግፊት በበዛበት ቦታ ጋርኔት የሚመቸው አቶሞቹ በጣም ተጠጋግተው ስለሚቀመጡ ነው። ለዚህ ነው ለመጠኑ ከባድ የሚሆነው። በሳይንስ መጽሐፋችን እፍግታ የምንለው፣ በክፍል ውስጥ ዴንሲቲ የምንለው ማለት ነው። ይህን ክብደት ኋላ እንጠቀምበታለን።

ከዚያ በኋላ ዝናብና ወንዝ ተራራውን በመቶ ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ሸርሽረው ጨረሱት። ከሥር የነበረው ድንጋይ ወደ ላይ ወጣ። ለስላሳው ተፈርፍሮ አፈር ሆነ። ጋርኔት ግን ጠንካራ ስለሆነ አልተፈረፈረም። ጥንካሬው በሞህስ መለኪያ 7 ወይም ከ7 ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ ቢላዋና መስታወት አይቧጭሩትም። ከባድ ስለሆነም ጎርፉ ሲደክም ከሌላው አሸዋ ቀድሞ ይቀመጣል። ስለዚህ ሰዎች ያገኙት በሸለቆው አፈርና ጠጠር ውስጥ ነው።

ይህ ቀበቶ በድንበር አይቆምም። ከሞዛምቢክ ተነስቶ በታንዛኒያና በኬንያ አልፎ ደቡብ ኢትዮጵያ ይገባል፤ እዚያም ከሰሜን ከሚመጣው የአረብ-ኑቢያ ጋሻ ጋር ይገናኛል። ወርቅ የሚወጣበት የአዶላና የሻኪሶ አካባቢ በዚህ መገናኛ ላይ ነው። ሞያሌም እንዲሁ። ብዙዎቻችን በሞያሌ በኩል ስናልፍ ከኬላው ወዲህና ወዲያ የረገጥነው ያረጀ ድንጋይ ከኡምባው ጋር የአንድ ቀበቶ ልጅ ነው።

ስሙና ታሪኩ

በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ላይ በኡምባ ሸለቆ ቆፋሪዎች ይፈልጉ የነበረው ሮዶላይት የሚባለውን ሐምራዊ ቀይ ጋርኔት ነበር። (ሮዶናይትና ሮዶላይት ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደሉም።) ከሮዶላይቱ ጋር ይህ ኮክ መሰል ድንጋይ ይወጣ ነበር። ነጋዴዎች ሲያዩት ሮዶላይት አይደለም፤ ስፔሳርታይንም አይደለም፤ በዋጋ ዝርዝራቸው ላይ ቦታ የለውም። ስለዚህ አንገዋለው ይመልሱት ነበር።

«ማላያ» የሚል ስምም ወጣለት። የድንጋይ ነጋዴዎች ይህን ቃል «ከቤተሰብ የወጣ» እያሉ ይተረጉሙታል። በስዋሂሊ ግን ቃሉ ሴተኛ አዳሪ ማለት ነው፤ ክፉ ስድብ ነው። ተማሪዎቻችን ናይሮቢ ስትመጡ ይህን ቃል መንገድ ላይ ጮክ ብላችሁ እንዳትናገሩ! በኋላ አንዳንዶች አጻጻፉን ለውጠው «ማላይያ» ማለት ጀምረዋል፤ ብዙ ሰው ግን አሁንም የድሮውን ነው የሚጠራው።

ድንጋዩን ከመናቅ ያወጣው ልመና አልነበረም፣ መለካት ነው። የአሜሪካ የከበሩ ድንጋዮች ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች የነበሩት ካሮል ስቶክተንና ቪንሰንት ማንሰን በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የብዙ ጋርኔቶችን ኬሚስትሪና የብርሃን ጠባይ አንድ በአንድ ለክተው በ1985 አዲስ የአመዳደብ ሐሳብ አቀረቡ። በዚያ ውስጥ የፓይሮፕና የስፔሳርታይን ቅይጥ የራሱን ቦታ አገኘ። ድንጋዩ ያው ነው፤ አንድም አቶም አልተለወጠበትም። የተለወጠው ሰንጠረዡ ነው። የቀድሞው ሰንጠረዥ ውስጥ ቦታ ያጣው ድንጋዩ ጎዶሎ ስለሆነ ሳይሆን ሰንጠረዡ ጎዶሎ ስለነበረ ነው። ዛሬ ጥሩው ዓይነት በዓለም ገበያ በጣም ይፈለጋል። በማዳጋስካርም ተገኝቷል፤ ማዳጋስካር ደግሞ በዚያ የግጭት ዘመን ከምሥራቅ አፍሪካ ጋር የተጣበቀች ነበረች።

ዋጋ ሲወጣ ግን አስመሳይም ይመጣል። ወደ ተማሪያችን ድንጋይ እንመለስ።

በመቃና በክር መለካት

ለመምህራን፣ ይህን ሙከራ በማንኛውም ክፍል ልትሠሩት ትችላላችሁ። ክብደት መለኪያ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው 50 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ቀጭን መቃ ወይም እንጨት፣ ቀጭን ክር፣ ማስመሪያ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃና ትንሽ ሽቦ ነው።

1ኛ. መቃውን መሃሉ ላይ በክር አንጠልጥሉት። ወደ አንድ ወገን ካጋደለ በቀለለው ጫፍ ላይ ትንሽ ጭቃ ለጥፉና አስተካክሉት።

2ኛ. ድንጋዩን በቀጭን ክር አስራችሁ ከመሃሉ በስተግራ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ አንጠልጥሉት። ይህ ቦታ እስከ መጨረሻው አይለወጥም።

3ኛ. ሽቦውን ጠምዝዛችሁ በስተቀኝ በኩል አንጠልጥሉና መቃው ቀጥ እስኪል ወዲያና ወዲህ ግፉት። ሽቦው ከመሃል ስንት ሳንቲ ሜትር ላይ እንደቆመ ለኩ። ይህን «በአየር» ብላችሁ ጻፉ።

4ኛ. ድንጋዩ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ እንዲገባ ብርጭቆውን ከሥሩ አምጡ። የብርጭቆውን ግድግዳ እንዳይነካ፣ የአየር አረፋም እንዳይዝ። ድንጋዩ ስለሚቀልለው ሽቦውን ወደ መሃል ማስጠጋት ይኖርባችኋል። እንደገና ለኩ። ይህን «በውሃ» ብላችሁ ጻፉ።

5ኛ. «በአየር» ከሚለው ላይ «በውሃ» የሚለውን ቀንሱ። ከዚያ «በአየር» የሚለውን ቁጥር ለልዩነቱ አካፍሉት። የምታገኙት ድንጋዩ ከውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ነው።

ለምን ይሠራል? በሚዛን ላይ ክብደት ሲባዛ በርቀት በሁለቱም ወገን እኩል ነው። የሽቦው ክብደትና የድንጋዩ ቦታ ስላልተለወጡ የሽቦው ርቀት ራሱ የድንጋዩን ክብደት ይነግረናል። የጎደለው ርቀት ደግሞ አርኪሜደስ እንዳለው ድንጋዩ ከገፋው ውሃ ክብደት ጋር ይመጣጠናል።

አሁን መልሱን የምታስተያዩበት ይኸውና። ተራ መስታወት 2.5 ገደማ ነው። ሮዝ ኳርትዝ 2.65 ነው። ሮዶናይት ከ3.4 እስከ 3.7 ነው። የኡምባው ጋርኔት 3.8 ገደማ ነው። ሮዝ ሳፋየር 4.0 ነው። ለምሳሌ በአየር 20 ሳንቲ ሜትር፣ በውሃ 14.7 ሳንቲ ሜትር ብታገኙ ልዩነቱ 5.3 ነው፤ 20 ለ5.3 ሲካፈል 3.8 ይሆናል።

የተማሪያችንን ድንጋይ እሱ ራሱ እንዲለካ አደረግነው። በአየር 20፣ በውሃ 12 ሆነ። ልዩነቱ 8 ነው። 20 ለ8፣ ሁለት ነጥብ አምስት። «ተሳስቼ ይሆናል» አለና ደገመው። ሦስት ጊዜ ለካ፤ ሦስቱም ጊዜ መልሱ እዚያው አካባቢ ነው። በማጉያ መነጽር ሲያየው ደግሞ ውስጡ አንዲት ድብልብል አረፋ አለች። እንዲህ ያለች ክብ አረፋ ቀልጦ በተሠራ መስታወት ውስጥ የምትገኝ ናት። ልጁ ብዙም አልተናገረም። ድንጋዩን መልሶ በሶፍቱ ጠቀለለው።

መለካትም ልክ አለው

እዚህ ላይ ሐቀኛ መሆን አለብን። ይህ ሙከራ «አይደለም» ለማለት ጠንካራ ነው፤ «ነው» ለማለት ግን ደካማ ነው። 2.5 ከመጣ ጋርኔት አይደለም፣ አበቃ። 3.8 ቢመጣ ግን ሮዶላይትም ሊሆን ይችላል፤ እርሳስ የተጨመረበት ከባድ መስታወትም ሊሆን ይችላል። ቁርጡን የሚያውቁት ብርሃን ድንጋዩ ውስጥ ሲገባ ምን ያህል እንደሚታጠፍ በሚለኩና የተዋጠውን ብርሃን መስመር በሚያዩ መሣሪያዎች ነው። ማንጋኒዝ ያለበት ጋርኔት በሰማያዊውና በወይን ጠጁ በኩል ጥቁር መስመር ያሳያል። ያ መሣሪያ እኛ ጋ የለም። ድንጋዩ በጣም ትንሽ ከሆነም የመቃው ሚዛን ይሳሳታል፤ ስለዚህ መጀመሪያ በትልልቅ ጠጠር ተለማመዱ።

ሌላም ነገር አለ። ድንጋዩ እውነተኛ ቢሆን ኖሮስ? በኬንያ በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣው የማዕድን ሕግ መሠረት ማዕድን ለመቆፈርም ሆነ ለመነገድ ፈቃድ ያስፈልጋል። የባህላዊ ቁፋሮ ፈቃድ የሚሰጠውም ለኬንያ ዜጋ ነው። እኛ በስደተኛ ወረቀት የምንኖር ሰዎች ኪሳችን ውስጥ ያለ ፈቃድ የምንይዘው ድንጋይ፣ እውነተኛ ሲሆን የባሰ ጣጣ ሊያመጣብን ይችላል። ይህን ለሚማሩ ልጆች ቁርጡን መንገር የመምህሩ ድርሻ ነው።

ቅዳሜ ተማሪያችን አንድ የሰፈር ትልቅ ሰው ይዞ ሄደ። ድንጋዩን መለሰ፣ ስልኩን ተቀበለ። 3 ሺው ሽልንግ አልተመለሰም። ሌላው 3 ሺህ ግን ኪሱ ውስጥ ቀረ፤ መጽሐፉን በእሱ ገዛ። ወደ ካኩማ ሲመለስ መቃውንም ይዞ ሄዷል። አሁን ለጓደኞቹ ጠጠር እየለካላቸው ነው ሲሉ ሰምተናል።

ለክፍል ውይይት

1. አንድ ድንጋይ በአየር 18፣ በውሃ 13 ሳንቲ ሜትር ላይ ሚዛኑ ቀጥ አለ። ከላይ ከተዘረዘሩት ውስጥ የትኛው ሊሆን ይችላል? የትኞቹስ ሊሆኑ አይችሉም?

2. ሮዶናይት ላይ ጥቁር መስመር የሚታየው ለምንድን ነው? በኦክሲዴሽን ቁጥር አስረዱ።

3. ጋርኔት ውስጥ ማንጋኒዝ የማግኒዥየምን ወንበር ሊይዝ የሚችለው ለምንድን ነው? ሶዲየምስ እንደዚያው በቀላሉ ሊይዝ ይችላል?

4. በአካባቢያችሁ ካለው ደረቅ ወንዝ አምስት ዓይነት ጠጠር ሰብስባችሁ እፍግታቸውን ለኩ። በሰንጠረዥ አስቀምጡት። በሰንጠረዣችሁ ውስጥ ቦታ ያጣ ድንጋይ ካገኛችሁ አትጣሉት፤ ቁጥሩን ጽፋችሁ ላኩልን።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።